ሁለት መድኃኒት በአንድ ኪኒን፦ የደም ግፊት ጥምር መድኃኒት ከየት መጣ?



በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ከምትጠይቁኝ አንዱ ይህ ነው፦ «ዶክተር፣ የግፊት መድኃኒቴን ሁለት ነገር አንድ ላይ ወዳለበት ኪኒን ቀየሩብኝ፤ ባሰብኝ ማለት ነው?» ወላጆቻችሁን የምታስታምሙ ደግሞ «ለእናቴ ሁለት መድኃኒት በአንዴ አይከብድም? ኩላሊቷን አይጎዳም?» ትላላችሁ።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ጥምር መድኃኒት መታዘዙ ብቻውን በሽታው ለመክፋቱ ምልክት አይደለም። ዛሬ ብዙ ታካሚ ገና ከመጀመሪያው በጥምር ይጀምራል። ፍርሃታችሁ ግን ከመሬት የተነሣ አይደለም። ሰው ያዳነ ጥምር አለ፤ ሰው የጎዳ ጥምርም አለ። የትኛው የትኛው እንደሆነ የታወቀው በብዙ ዓመት ልፋትና በብዙ ሰው ሕይወት ነው። ስለዚህ ዛሬ ታሪኩን ላጫውታችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ያዙና አንብቡት።

ኪኒን ባልነበረበት ዘመን

እ.ኤ.አ. በማርች 1944 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ሃዋርድ ብሩን በሚባል ወጣት የልብ ሐኪም ተመረመሩ። የደም ግፊታቸው 186/108 ነበር። ዛሬ ይህ ቁጥር በየትኛውም ጤና ጣቢያ ቢታይ መድኃኒት ይታሰባል። ያኔ ግን ግፊትን በደህና የሚያወርድ ኪኒን በዓለም ላይ አልነበረም። ልባቸው ደክሞ ስለነበር ዲጂታሊስ ተሰጣቸው። ጨው ቀንሱ፣ ሲጋራ ቀንሱ፣ ዕረፉ ተባሉ። ለማረጋጊያ ፊኖባርቢታል ተጨመረ። ከዚህ ያለፈ ሊደረግላቸው የሚችል ብዙ ነገር አልነበረም።

ኤፕሪል 12 ቀን 1945 ጆርጂያ ግዛት ውስጥ ዋርም ስፕሪንግስ በሚባል ቦታ ምስላቸው እየተሣለ ሳለ ከባድ የራስ ምታት ያዛቸውና ራሳቸውን ሳቱ። ግፊታቸው ሲለካ 300/190 ደርሶ ነበር። አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈሶ በዚያው ቀን በ63 ዓመታቸው አረፉ። የዓለም ኃያል የነበሩ ሰው ዛሬ እናንተ በአቅራቢያችሁ ፋርማሲ የምታገኙትን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ማግኘት አልቻሉም፤ መድኃኒቱ ገና አልተፈጠረማ!

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በእኛ አገር ይህን በሽታ «ደም ብዛት» የሚሉት ብዙዎች ናቸው። ስሙ ደሙ የበዛ ያስመስላል። የበዛው ግን ደሙ ሳይሆን ደሙ የቧንቧውን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። በስም የተሳሳትነው እኛ ብቻ አይደለንም። በእንግሊዝኛ እስከ ዛሬ የቀረው የሕክምና ስም ራሱ «አስፈላጊ» የሚል ትርጉም ያለው ቃል አለበት። በዚያ ዘመን ብዙ ሐኪሞች ደም በጠበበ ቧንቧ ለማለፍ ከፍ ያለ ግፊት ያስፈልገዋል፤ ባይነካ ይሻላል ብለው ያምኑ ነበርና።

ሦስቱ መድኃኒቶች

በ1950ዎቹ ነገሩ ተለወጠ። ከሕንድ ራውዎልፊያ የሚባል ተክል መጣ። ተክሉ በአገሩ ባህላዊ ሕክምና ለረጅም ዘመን ያገለገለ ሲሆን፣ ሩስቶም ጃል ቫኪል የተባሉ የቦምቤይ ሐኪም በ1949 በአንድ የብሪታንያ የልብ ሕክምና መጽሔት ላይ ግፊት እንደሚያወርድ ጻፉ። ከዚያ ተክል ሬሰርፒን ተገኘ። በእነዚያው ዓመታት የደም ቧንቧን የሚያሰፋው ሃይድራላዚን መጣ። በ1958 ደግሞ ጨውንና ውሃን በሽንት የሚያስወጣው ክሎሮታያዛይድ ለገበያ ቀረበ። የዛሬው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የእርሱ ታናሽ ወንድም ነው።

ሦስቱም ለየብቻቸው ችግር ነበረባቸው። ሃይድራላዚንን ብቻውን ስትወስዱት ቧንቧው ይሰፋል፤ ሰውነት ግን ዝም ብሎ አያይም። ልብ በፍጥነት ይመታል፤ ኩላሊትም ጨውና ውሃ ይይዛል፤ ግፊቱ ቀስ እያለ ይመለሳል። ሐኪሙ «አልሠራም» ብሎ መጠኑን ሲጨምር ሌላ ጣጣ ይመጣል። በከፍተኛ መጠን የወሰዱ አንዳንድ ሰዎች የመገጣጠሚያ ሕመምና ሉፐስ የሚመስል በሽታ ያዛቸው። ሬሰርፒንም መጠኑ ከፍ ሲል ሰውን ያደክማል፣ ድብርት ውስጥ ይከታል ተብሎ ይፈራ ነበር።

እንግዲህ የጥምር ሐሳብ የተወለደው እዚህ ጋ ነው። አንዱን ቀዳዳ ስትደፍኑት ውሃው በሌላው የሚወጣ ከሆነ፣ ሁለቱንም በትንሽ በትንሹ መድፈን ነው። ሃይድራላዚን ቧንቧውን ያሰፋል፤ ታያዛይዱ ኩላሊት የያዘውን ጨውና ውሃ ያስወጣል፤ ሬሰርፒን ደግሞ የነርቩን ጫና ቀንሶ የልብን ሩጫ ያበርዳል። እያንዳንዱ በአነስተኛ መጠን፣ አንዱ የሌላውን ጉድለት እየሸፈነ።

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ሰው ያድናል?

ይህን የመለሰው ጥናት

ኤድዋርድ ፍሪስ የተባሉ ሐኪም በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ውስጥ ጥናት መሩ። የታችኛው ቁጥራቸው ከ115 እስከ 129 የሆነ 143 ወንዶች ተመረጡ። 73ቱ ሦስቱን መድኃኒቶች በጥምር ወሰዱ። 70ዎቹ ደግሞ መድኃኒት የሚመስል ነገር ግን ምንም የሌለበት ኪኒን ተሰጣቸው። ዛሬ ይህን ስትሰሙ «እንዴት ጨከኑ?» ትሉ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ግን ማከሙ ይጥቀም ይጉዳ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

እኔ ከዚህ ጥናት አብልጬ የምወደው አንድ ዝርዝር አለ። ወደ ጥናቱ ከመግባታቸው በፊት ለሰዎቹ ሪቦፍላቪን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ2፣ ያለበት ኪኒን ሰጧቸው። ይህ ቫይታሚን በሽንት ሲወጣ በልዩ መብራት ሥር ያበራል። ሐኪሞቹ የቀሩትን ኪኒኖች ቆጠሩ፤ ሽንቱንም በመብራት አዩ። ኪኒኑን በአግባቡ የማይወስድ ሰው ወደ ጥናቱ አልገባም። «ወስጃለሁ» የሚል ቃል ብቻ አልበቃቸውም ማለት ነው። እኛ ሐኪሞች ዛሬም «በአግባቡ እየወሰዱ ነው?» ብለን ስንጨቀጭቃችሁ አትቀየሙን፤ ነገሩ የቆየ ነው።

ውጤቱ በ1967 ታተመ። አማካይ ክትትሉ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። ባዶውን ኪኒን ከወሰዱት 70 ሰዎች በ27ቱ ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰ፤ 4ቱ ሞቱ። ጥምሩን ከወሰዱት 73 ሰዎች ከባድ ነገር የደረሰባቸው 2 ብቻ ናቸው፤ የሞተ አንድም አልነበረም። ልዩነቱ እንዲህ ጎልቶ ሲታይ ለእነዚህ ታካሚዎች ባዶ ኪኒን መስጠት ቆመ። ግፊታቸው ቀለል ያለ፣ የታችኛው ቁጥራቸው ከ90 እስከ 114 የሆነ 380 ወንዶች ግን ክትትላቸው ቀጠለ። በ1970 የወጣው ውጤት ባዶውን ከወሰዱት 20፣ ጥምሩን ከወሰዱት 5 ሰዎች በስትሮክ እንደተመቱ አሳየ።

«ምንም አያመኝም፣ ለምን እወስዳለሁ?» ለምትሉ ቤተሰቦቼ፦ ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹም የሚሰማቸው ሕመም አልነበረም።

ያ ጥናት ወንዶችን ብቻ ነው ያየው። ሴቶች የገቡባቸው ትልልቅ ጥናቶች በኋላ መጥተው ሕክምናው እነርሱንም እንደሚጠቅም አሳይተዋል። የሚገርመው ግን፣ ግፊትን ማከም ሕይወት እንደሚያድን መጀመሪያ በግልጽ ያስመሰከረው አንድ መድኃኒት ሳይሆን ጥምር መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም።

ጥምር ስሙ የጠፋበት ጊዜ

ታዲያ ለምን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሐኪሞች ጥምርን ሸሹት? ምክንያት ነበራቸው። በዚያ ዘመን ኩባንያዎች ያገኙትን ሁሉ ከሌላ ጋር እያዳበሉ ይሸጡ ነበር። በ1962 አሜሪካ አምራቾች መድኃኒታቸው በእርግጥ እንደሚሠራ ማስረጃ እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። ሲመረመር ብዙው ጥምር ትርጉም የሌለው ሆኖ ተገኘ። ፓናልባ የሚባል በሰፊው የሚታዘዝ የሁለት አንቲባዮቲክ ጥምር በ1970 ከገበያ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ለሕክምና ተማሪ «ጥምር አትዘዝ፤ እያንዳንዱን ለየብቻ መጥን» ተብሎ ይነገረው ጀመር።

ለግፊትም በ1977 የአሜሪካ መመሪያ በደረጃ እንዲታከም አዘዘ፦ በአንድ ጀምር፣ መጠኑን ከፍ አድርግ፣ ካልበቃ ሁለተኛ ጨምር። በወረቀት ላይ ያምራል። በሥራ ላይ ግን ታካሚው የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ዓመታት ይቀመጣል። ሐኪሙ «እስቲ ትንሽ እንየው» ይላል፤ ታካሚው ቀጠሮ ያልፈዋል፤ ግፊቱ 160 ላይ እንዳለ ይከርማል። የብዙ ሰው ኩላሊት ያለቀው በመድኃኒት ሳይሆን በዚህ መዘግየት ይመስለኛል።

የጎዳው ጥምር

ወደ ፍርሃታችሁ እንምጣ። በ1981 ካፕቶፕሪል ተፈቀደ። መነሻው ጃራራካ በሚባል የብራዚል እፉኝት መርዝ ላይ የተደረገ ምርምር ነው። ዛሬ ብዙዎቻችሁ የምትወስዱት ኢናላፕሪል ከዚሁ ወገን ነው። በ1995 ደግሞ ሎሳርታን መጣ። «ፕሪል»ም «ሳርታን»ም የሚሠሩት ኩላሊት በሚያስጀምረው በአንድ የሆርሞን መስመር ላይ ነው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች።

«እንግዲያው ሁለቱን ብንሰጥ መስመሩ ጨርሶ ይዘጋል፤ ኩላሊትም ይጠበቃል» የሚል ተስፋ ተነሣ። በ2003 ላንሴት በተባለው ትልቅ መጽሔት ላይ ይህን የሚደግፍ ጥናት ወጣ፤ ብዙ ሐኪም ተከተለው። በ2008 ግን 25,620 ሰዎች የተሳተፉበት ኦንታርጌት የተባለ ጥናት ራሚፕሪልን፣ ቴልሚሳርታንንና ሁለቱን በአንድ ላይ አነጻጸረ። ሁለቱን አብረው የወሰዱት የተለየ ጥቅም አላገኙም። ይልቁንም ግፊታቸው ከመጠን በላይ ወረደ፣ ራሳቸውን የሳቱ በዙ፣ ኩላሊታቸውም ይበልጥ ተጎዳ። የ2003ቱ ጥናትም መረጃው ሊታመን ስላልቻለ በ2009 በመጽሔቱ ተሰረዘ።

ስለዚህ «ጥምር ኩላሊት ይጎዳል» የሚለው ወሬ ሥር አለው፤ ግን ስለ አንድ ዓይነት ጥምር ነው። በአንድ መስመር ላይ ሁለት ጊዜ መቆም ይጎዳል። በተለያየ መስመር ላይ በትንሽ በትንሹ መቆም ይጠቅማል። ቤታችሁ ውስጥ ኢናላፕሪልና ሎሳርታን (ወይም ሌላ «ፕሪል» እና ሌላ «ሳርታን») በአንድ ሰው ስም ተቀምጠው ካሉ፣ በራሳችሁ ሳታቋርጡ በዚህ ሳምንት ሐኪማችሁን ጠይቁ። ምናልባት አንዱ የቆመ ይሆናል፤ ምናልባት ሁለት ክሊኒክ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ አዝዞ ይሆናል።

ትንሽ ከትንሽ ጋር

በ2009 ሁለት እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች፣ ዋልድና ሎው፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር 11,000 ያህል ሰዎች የተሳተፉባቸውን 42 ጥናቶች አንድ ላይ አዩ። የአንዱን መድኃኒት መጠን እጥፍ ከማድረግ ይልቅ ከሌላ ወገን ሁለተኛ መድኃኒት መጨመር፣ ግፊትን ተጨማሪ በማውረድ 5 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ጉዳቱ ግን ከመጠን ጋር ነው የሚያድገው። አምሎዲፒን በ10 ሚሊግራም እግር የሚያሳብጥባችሁ በ5 ሚሊግራም ላያሳብጥ ይችላል፤ «ፕሪል» ወይም «ሳርታን» ሲታከልበት ደግሞ እብጠቱ ይቀንሳል። ታያዛይድ ፖታሲየምን ያወርዳል፤ «ሳርታን» ከፍ ያደርጋል፤ አብረው ሲሆኑ ሚዛኑ ይጠበቃል።

በ2018 ከስሪላንካ የወጣ ጥናት ሦስት መድኃኒት በግማሽ መጠን በአንድ ኪኒን ሰጠ፦ ቴልሚሳርታን 20፣ አምሎዲፒን 2.5፣ ክሎርታሊዶን 12.5 ሚሊግራም። ከ700 ታካሚዎች በስድስት ወር ውስጥ ጥምሩን ከጀመሩት 70 በመቶ፣ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት 55 በመቶ ለታለመው ግፊት ደረሱ።

እኛን ይበልጥ የሚመለከተው በ2019 የወጣው ነው። ኬንያና ኡጋንዳን ጨምሮ ከሰሃራ በታች ባሉ ስድስት አገሮች 728 ጥቁር አፍሪካውያን ተሳተፉበት። አምሎዲፒን ያለባቸው ሁለት ጥምሮች፣ ከሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጋርም ሆነ ከፔሪንዶፕሪል ጋር፣ አምሎዲፒን ከሌለበት ጥምር የተሻለ ግፊት አወረዱ። ኢትዮጵያ ባትኖርበትም፣ ሐኪማችሁ አምሎዲፒን ያለበትን ሲመርጥ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት የግፊት ጥምር ኪኒኖችን መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባ። በ2021 ደግሞ ሕክምና ሲጀመር በጥምር፣ ቢቻል በአንድ ኪኒን ቢሆን ይመረጣል አለ።

ጥምር ኪኒን እንከን የለበትም አልልም። የጎን ጉዳት ሲመጣ ከየትኛው እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል፤ አንዱን ብቻ መቀነስም አይቻልም። በዕድሜ የገፉና አቅም ያነሳቸው ሰዎች በአንድ መጀመራቸው ብዙ ጊዜ ይሻላል። ደግሞም ጥምሩ ከፋርማሲ ሲጠፋ መድኃኒት አቋርጣችሁ አትቀመጡ። ውስጡ ያሉት ሁለቱ በዚያው መጠን ለየብቻ ቢወሰዱ ያው ሥራ ይሠራሉ፤ ፋርማሲስታችሁና ሐኪማችሁ ያስተካክሉላችኋል።

እቤት ስትገቡ

መጀመሪያ ካርቶኑን አንብቡ። ጥምር ሲታዘዝላችሁ አሮጌዎቹ ለየብቻ የነበሩት ኪኒኖች ይቁሙ ወይስ ይቀጥሉ? ይህን ሳትጠይቁ ከክሊኒክ አትውጡ። አምሎዲፒን እየወሰደ አምሎዲፒን ያለበት ጥምር የሚደርብ ሰው እጥፍ ወሰደ ማለት ነው። ከአሜሪካ ወይም ከዓረብ አገር ዘመድ የላከው መድኃኒት ላይ ይህ በቀላሉ ይደርሳል፤ የንግድ ስሙ ሌላ ነው፣ ውስጡ ግን ያው ሊሆን ይችላል። በጉልህ ከተጻፈው ስም ሥር በትንሽ ፊደል የተጻፈውን እዩ።

«ፕሪል» ወይም «ሳርታን» ያለበት ጥምር የጀመረ ሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የኩላሊትና የፖታሲየም የደም ምርመራ ያስፈልገዋል። ለጉልበትና ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ እየገዛችሁ መዋጥ ግን ይቅር። እነዚህ ከ«ፕሪል» ወይም ከ«ሳርታን» እና ከሚያሸና መድኃኒት ጋር ሦስት ሆነው ሲገናኙ ኩላሊትን በድንገት ሊያደክሙ ይችላሉ። ከባድ ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዛችሁም ፈጥናችሁ ለሐኪም ደውሉ፤ ለጊዜው እንድታቆሙ ሊነግራችሁ ይችላል።

ደረቅ ሳል «በፕሪል» የተለመደ ነው፤ ይቀየርላችኋል። ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ካበጠ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ መድኃኒቱን አቁሙና ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ይህ እብጠት በጥቁር ሕዝቦች ላይ ይበልጥ እንደሚታይ ይታወቃል።

ለማርገዝ የምታስቡ እህቶቼ፣ «ፕሪል»ም «ሳርታን»ም የፅንሱን ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ሕይወቱንም ሊያሳጡ ይችላሉ። ከማርገዛችሁ በፊት ንገሩን፤ አርግዛችሁ ካወቃችሁ ደግሞ በዚያው ቀን ሐኪም አግኙ። ያለ ሕክምና አትቀሩም፤ ሜቲልዶፓን የመሰሉ በእርግዝና ወቅት የሚሰጡ መድኃኒቶች አሉ።

አንድ ቀን ከረሳችሁ በማግስቱ ሁለት አትዋጡ። ከአልጋ ስትነሡ ቀስ ብላችሁ ተነሡ፤ በተለይ አረጋውያን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስ ሊያዞራቸው ይችላል።

በመጨረሻ ለወላጆች። አያት ኪኒናቸውን ትራስ ሥር ወይም ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጡበት ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ ካለ፣ ዛሬውኑ ቦታውን ቀይሩ፤ ከፍ ያለና የሚቆለፍ ይሁን። አምሎዲፒን ያለበት አንድ ኪኒን ብቻ እንኳ የአንድ ሕፃን ግፊት በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርድ ይችላል። ልጁ ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፣ እንዲያስመልሰውም አታድርጉ። ካርቶኑን ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ መቼና ስንት እንደዋጠ የምታውቁትን ያህል ለሐኪሙ ንገሩ።